የሁለት ሰው አፍ

ቤታቸው የብረት በርና መስኮት ከሚሠራበት ግቢ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከማለዳ ጀምሮ ብረት ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ይቀጠቀጣል። ከእነሱ በፊት የገቡት ተከራዮች ጓዛቸውን ሳይፈቱ ጆሯቸውን ይዘው ወጥተዋል። እነዚህ ባልና ሚስት ግን ገብተው ተደላደሉ። አከራይዋ እትዬ፣ "ስለ ጩኸቱ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ያላሉ ሰዎች!" እያሉ ለጎረቤት አወሩ። ባልም ሚስትም መስማት የተሳናቸው መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው።

ጩኸቱ የተረፈው ለልጃቸው ነበር። እሷ ትሰማለች።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አያውቅም፤ ክር ሲያልቅና መርፌ ሲታጠፍ ግን ከማንም ቀድሞ ውስጥ እግሩ ይነግረዋል። እናቷ በአንድ ሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። ልጅቷ በአፏ ማውራት የተማረችው ከጎረቤት ልጆች ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በእጇ ታወራ ነበር። አዲስ ደንበኛ ወደ ሱቁ ሲገባ አባቷ በመጀመሪያ ጆሮውን ይነካና እጁን ያወዛውዛል፤ ቀጥሎ ልጁን ያመለክትና ከንፈሩን ይነካል። "እኔ አልሰማም፤ አፌ እሷ ናት" ማለቱ ነው። ደንበኛው ነገሩን ተቀበለ፣ ሰፈሩም ተቀበለ፣ ልጅቷ "አፌ" ሆና ቀረች። መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

አፌ የሁለት ሰው አፍ መሆን ሥራ መሆኑን ሳታውቅ ሠራችው። ከአከራይ ጋር፣ ከሐኪም ጋር፣ ውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ከሚመጣው ሰው ጋር የምትነጋገረው እሷ ናት። የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ስለ እናቷ የሐሞት ጠጠር ከሐኪም ጋር ተወያይታለች። ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ስትባልም አስተርጓሚዋ ራሷ ነበረች። መምህርቷ፣ "ልጅዎ ክፍል ውስጥ ወሬ አታቋርጥም፤ ሌሎቹንም ትበጠብጣለች" አለቻቸው። አፌ ወደ እናቷ ዞራ በእጇ፣ "ክፍል ውስጥ በጣም ተሳታፊ ናት ትልሻለች" አለች። እናቷ የመምህርቷን የተኮሳተረ ፊት አየች፣ ልጇን አየች፣ አንገቷን ነቀነቀች።

ለራሷ ስትል እንዲህ ያደረገችው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለእነሱ ስትል ነበር። ብረት ሠሪው፣ "ያ ደንቆሮ ደጄ ላይ ጨርቁን ደፋ" ሲል በአፌ እጅ ላይ "ልብስ ሰፊው በሩን ጠረግ ቢያደርግልኝ" ይሆናል። አባቷ በንዴት የመለሰው ደግሞ በአፏ በኩል "ይቅርታ፣ አሁኑኑ ያነሳዋል" ሆኖ ይወጣል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በእነሱ ቤት ግን ከአፍ የወጣው ሁሉ ወንፊት ውስጥ ያልፋል፤ ዱቄቱ ለወላጆቿ ይደርሳል፣ እንክርዳዱን አፌ ሆድ ይፍጀው ብላ ታስቀምጣለች። አንድም ሰው እንዲህ አድርጊ አላላትም። ነገሩ ዝም ብሎ እንዲህ ሆነ።

አድጋ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠረች። ሥራዋ ካርድ ማውጣትና መልሶ ቦታው ማስገባት ነው። መስማት የተሳነው ታካሚ በመጣ ቁጥር ግን ከመደርደሪያው መሃል ይጠሯትና ታስተረጉማለች። አንድ ቀን አብራት የምትሠራው ነርስ መተላለፊያው ላይ ያዘቻት።

"አንቺ ሴት፣ ይህን የመሰለ ሙያ በነጻ ስትበትኚው አይቆጭሽም?"

"ምን ላድርገው ታዲያ?"

"የመምህራን ኮሌጁ የልዩ ፍላጎት መምህራን ሊያሠለጥን ነው። መስማት ለተሳናቸው ልጆች። ሄደሽ ተመዝገቢ እንጂ! ሌላው ሰው የሚያብድበት ነገር ለአንቺ ጨዋታ ነው።"

ጨዋታ መስሏት ተመዘገበች።

ሥልጠናው ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነበር። አንድ ልጅ ምን እንደሚችልና ምን እንደሚያቅተው መመርመር አለ። ለእያንዳንዱ ልጅ የብቻው የሆነ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት አለ። ሕግ አለ፣ ጥቂት ብሬይልም አለ። በመጨረሻ ሠልጣኙ እውነተኛ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይለማመዳል፤ ልምምዱን ያለፈ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ይቀመጣል። ያለ ፈቃድ ክፍል መያዝ የለም። የሁሉም መሠረት ደግሞ የምልክት ቋንቋ ነው። አፌ በመጀመሪያው ሳምንት ማመልከቻ ጽፋ ከዚህ ኮርስ ነጻ እንድትደረግ ጠየቀች፤ ጽሑፉ ውስጥ "የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ" ብላ ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱ ስላልገባው ወደ ኮርሱ መምህር መራት።

መምህሩ ሽበት የወረራቸው ሰው ናቸው። እጃቸው ጎልቶ እንዲታይ በየቀኑ ጥቁር ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ እሳቸውም አይሰሙም። በእጅ ሲነጋገሩ አንተና እርስዎ የለም፣ ጣት ጣት ነው፤ አፌ ግን በልቧ እርስዎ ትላቸው ነበር። ወንበር ሰጥተዋት ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ አጭር ታሪክ ነገሯት። እጃቸው እንደ ውሃ ይፈስሳል። አፌ ከታሪኩ የገባት አንድ ሰውዬ መኖሩና ዝናብ መኖሩ ነው፤ ሰውዬው ዝናቡን ይሸጠው ይግዛው አላወቀችም።

ተራው የእሷ ሆነና ስለ ሳምንቱ ውሎዋ ተናገረች። መምህሩ በትዕግሥት ተመልክተው ሲያበቁ ጠየቋት።

"ሰኞ ለምን ካውያ ሆነ?"

"ሰኞ የሆቴሉ አንሶላ የሚከመርበት ቀን ነዋ" አለች አፌ። ለእሷ ይህ ግልጽ ነበር።

"ጉልበት ማሸትስ?"

"አከራይ ማለት ነው። አከራያችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል።"

መምህሩ ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንድትከተላቸው ቃሉን እየለያዩ፣ "ቋንቋሽ ቆንጆ ነው" አሏት። "ችግሩ ከአንቺ ጋር ሦስት ተናጋሪ ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ አራተኛ ሊሆኑልሽ አይመጡም።"

አፌ ከጀማሪዎቹ ጋር ተቀመጠች። ጎኗ ያሉት ሠልጣኞች ጣታቸውን እያጣመሙ ፊደል ሲለማመዱ እሷ የራሷን እጅ መገሠጽ ያዘች። ሰኞ ባለች ቁጥር እጇ ወደ ካውያው ይሄድባታል። የማያውቁትን መማር ይቀላል፤ የሚያውቁትን ማስለቀቅ ነው የሚያስቸግረው። በመጀመሪያው ፈተና ያገኘችው ውጤት ከክፍሉ ዝቅተኛ ነበር፤ ነርሷ ስትደውልላት "ደህና ነኝ" ብላ ወሬ ቀየረች። ዓመቱ ሲያልቅ ግን እጇ ተገራ፤ የመምህሩን ታሪኮች እስከ መጨረሻ መከተል ቻለች። የዚያ ሰውዬ ታሪክም ገባት፤ ዝናብ የሸሸ ሰው የማያውቀው አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ሌላ ከተማ የደረሰበት ታሪክ ነው። ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ለልምምድ የተመደበችው አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ጓሮ ውስጥ ወዳለ ክፍል ነው። ክፍሉ የጣውላ ወለል አለው። ልጆቹ አንዱ የሌላውን እጅ እንዲያይ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ፤ መምህርት ልጆቹ እንዲያዩዋት ስትፈልግ ወለሉን በእግሯ ትመታለች፣ ንዝረቱ ሲደርሳቸው ዞር ይላሉ። ከልጆቹ አንዷ በዚያ ዓመት አዲስ የገባች ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቃል ግን አንድም አልነበራትም፣ የአፍም የእጅም። ቤተሰቦቿ ሰው እንዳይስቅባት ብለው ከቤት አስቀምጠዋት ኖረዋል። የፈለገችውን በጣት ትጠቁማለች፤ የጠቆመችውን ካልሰጧት ትነክሳለች። ቅንድቧን የሚከፍል ጠባሳ ስላላት ልጆቹ ቅንድባቸውን በጣት በመሰንጠቅ ይጠሯት ጀመር። ቅንድብ ማለት ነው።

አፌ ቅንድብን እንዳየቻት ወደደቻት። የልጅቷን የትምህርት ዕቅድ ያወጣችው ራሷ ናት። ዋናው ግብ አንድ መስመር ነበር፤ ተርሙ ሲያልቅ ቅንድብ የምትፈልገውን ዕቃ ራሷ በምልክት ትጠይቃለች። ግቡን ጻፈችና የዕድሜ ልክ ሥራዋን ቀጠለች። ቅንድብ ዓይኗን ወደ ውሃው ስትወረውር ውሃው ይቀርባል። ከሌላ ልጅ ጋር ስትጣላ አፌ መሃል ገብታ የሁለቱንም ጉዳይ ትጨርሳለች። ሌሎቹ መምህራን፣ "ልጅቷ ሰው አገኘች" ይሉ ነበር። ንክሻውም ቀነሰ።

የምዘናው ቀን ሲደርስ መዛኝ ሆነው የመጡት ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት መምህር ናቸው። የቀኑ ትምህርት ዕቃ መጠየቅ ነው። አፌ ቅንድብን ይዛ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች። የንብረት ክፍል ኃላፊውን ትምህርት ቤቱ በሙሉ "ጋሼ ንብረት" ነው የሚላቸው፤ አንዲት ጠመኔ ሲሰጡ ከገላቸው ሥጋ የተቆረጠ ያህል ፊታቸው ይጨማደዳል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከባንኮኒው ማዶ አዩና፣ "ምን ፈለገች?" አሉ።

"ባለ ቀለም እርሳስ፣ ጋሼ" አለች አፌ። የቅንድብ እጅ ገና ከጎኗ አልተነሳም ነበር።

እርሳሱ ተሰጠ፣ ቅንድብ ይዛው ተመለሰች፣ ልጆቹ ሣሉበት። አፌ ውጤቷን ልትሰማ ቀረበች። መዛኙ ወረቀቱ ላይ "ገና ነው" ብለው ጽፈዋል።

"ምን አጠፋሁ?" አለች። "ልጅቷ እርሳሱን አግኝታለች።"

"አንቺ አገኘሽ። ልጅቷ አብራሽ ተንሸራሸረች።"

"አልቻለችም እኮ! ቃሉን ገና በደንብ አልያዘችውም።"

"መቻሏንና አለመቻሏን የት ዐወቅሽ? ዕድል ሳትሰጫት?" አሉ መምህሩ። "አስተርጓሚ ጎበዝ ነሽ። እኔ የመጣሁት መምህርት ልመዝን ነው።"

ልምምዱን በሚቀጥለው ተርም እንድትደግም ተወሰነ። አፌ መዝጊያውን በኃይል ወርውራ ወጣች። መምህሩ እንዳልሰሙት ትዝ ያላት በሩ ላይ ሆና ነው።

ዕረፍቱ ሲጀመር መድገሟን ለወላጆቿ አልነገረቻቸውም። ግን የቤት ሥራ ይዛ ነበር፤ መስማት የተሳነውን አንድ ትልቅ ሰው ስለ ሕይወቱ ጠይቆ መጻፍ። እሷ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። እናቷን ከሥራ ስትመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ትጠይቃት ጀመር። የት ተወለድሽ፣ መቼ ነው መስማት ያቆምሽው፣ ማን አስተማረሽ። እናቷ የደከመ ትከሻዋን እያሸች መለሰች። መጨረሻ ላይ የተጻፈ ጥያቄ ነበር፤ ሰዎች ስለ እርስዎ የሚናገሩትን እንዴት ያውቃሉ?

"በአንቺ በኩል ነዋ" አለች እናቷ፤ ከዚያ ፈገግ አለች። "አንቺ የምትነግሪኝን፣ ሲደመር አንቺ የምትደብቂኝን።"

የአፌ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"እትዬ በር ላይ ቆመው የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ያወራሉ" አለች እናቷ። "አንቺ ወደ እኔ ዞረሽ 'ደህና አደራችሁ ወይ እያሉ ነው' ትያለሽ። ለደህና አደራችሁ ሥር ይገተራል?"

"ታውቂ ነበር?"

"ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ምን ሆነ?"

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ልጅ ነበርሽ። አባትሽም 'ተያት፣ ደስ እያላት ነው' አለ።" እናቷ ቀጠለች። "አንዳንዴ ግን ይቆጨኛል። እኔም መሳደብ ያምረኝ ነበር። ስድቡን ስትደብቂብኝ መልሴም አብሮ ይቀበራል። ሰው ሳይሰድበኝ ብድግ ብዬ ልስደብ? እብድ ነኝ?"

አፌ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን መልስ የቤት ሥራው ላይ አልጻፈችውም።

ሁለት ቀን ሳይቆይ እትዬ ጉልበታቸውን እያሹ መጡ። ነገሩ የልብስ ማስጫው ገመድ ነበር። እናቷ አፌን ጎተተቻትና፣ "ዛሬ ሁሉንም። አንድ ቃል እንዳትጥዪ" አለቻት።

"ይህች ደንቆሮ" አሉ እትዬ በተለመደው ድምፃቸው፣ "ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዛ እኔ ለአንድ ቀሚስ መስቀያ ልጣ?"

አፌ ተረጎመች። ደንቆሮ የሚለውን ቃል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቷ ፊት በእጇ ሠራችው። የእናቷ ዓይን በራ። የመለሰችው ፈጣን ነበር፤ አፌ በአፏ አወጣችው።

"ለእርስዎ ቀሚስማ ሁለት ገመድም አይበቃም... ትላለች።"

እትዬ ደንግጠው አንዴ እናትየዋን አንዴ ልጅቷን አዩ። "ይህን ያልሽው አንቺ ነሽ እሷ?"

"እሷ ናት፣ እትዬ።"

"እሷ ራሷ?"

"እሷ ራሷ። ገመዱን የገዛው ባሌ ነው፤ እርስዎ ግቢውን አከራዩ እንጂ ፀሐይዋን አላከራዩንም፣ ትላለች።"

እትዬ ዘፍ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። "ይህን የመሰለ ምላስ ይዛ ነው ስንት ዓመት ሙሉ ዝም ያለችኝ?" አሉ። አፌ ይህንንም ተረጎመች። እናቷ ሳቀች፤ ሳቋ ድምፅ አለው፣ እሷ ግን አታውቀውም። ገመዱ ለሁለት ተከፈለ። እትዬ በሳምንቱ ሌላ ጠብ ይዘው መጡ፤ ከዚያ በኋላም ጠብ ያላቸው ሲመስላቸው ሳያንገራግሩ ይመጡ ጀመር። መጣላት የቻሉ ሰዎች መቀለድም ቻሉ። አባቷ ይህን ሁሉ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ ያየና፣ "ሰላም የነበረው ዱሮ ነው" ይል ነበር።

ተርሙ ሲጀመር አፌ ወደ ልምምዱ ተመለሰች። ያው ክፍል፣ ያችው ቅንድብ። እጆቿን ካልያዘቻቸው ራሳቸው እንደሚናገሩ ስለምታውቅ ወደ ንብረት ክፍል ስትሄድ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ትከታቸው ጀመር።

"ምን ልስጣት?" አሉ ጋሼ ንብረት።

"እሷን ይጠይቋት፣ ጋሼ።"

"አትሰማማ!"

"ታያለች።"

"እኔስ የእጅ ቋንቋ የት አውቄ?"

"እሷም ገና መማሯ ነው። አብራችሁ ትማራላችሁ።"

ጋሼ ንብረት ተናደዱ። ከጥግ መጥረጊያ አንስተው ለቅንድብ ሰጧት። ቅንድብ መጥረጊያውን አየች፣ አፌን አየች። አፌ ጣሪያው ላይ ያለውን የዝናብ እድፍ ትመረምር ነበር። ቅንድብ መጥረጊያውን ወረወረችና የአፌን ክንድ ከነሹራቡ ነከሰች።

ደጋግመው ሄዱ። አንድ ቀን ቅንድብ መሬት ላይ ተንከባላ አለቀሰች፤ በመተላለፊያው የሚያልፍ አንድ መምህር፣ "ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?" ብሎ አፌን ገላመጣት። እሷም ልክ እንደሱ ታስብ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ቃላቱን ሳትሰለች ታስተምራለች፤ እርሳስ፣ ወረቀት፣ ሙጫ፣ መቀስ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቅንድብ ባንኮኒው ፊት ቆማ መዳፏን ዘረጋችና በሌላው እጇ ጣት ጻፈችበት። እርሳስ። ጋሼ ንብረት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ሳይጨማደድ ዕቃ ሰጡ። አፌ ኪሷ ውስጥ ጡጫ ጨብጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ንብረት ቅንድብን ባዩ ቁጥር መዳፋቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ሌላ ዕቃ ብትፈልግም እርሳስ ነው የሚሰጧት።

ለሁለተኛው ምዘና መምህሩ ሲመጡ ጋሼ ንብረት ታመው ቀርተዋል። በእሳቸው ቦታ የተተካችው ሴት ከዚያ በፊት ቅንድብንም ምልክትም አይታ አታውቅም። አፌ ምዘናው ይተላለፍልኝ ልትል እጇን ከኪሷ ልታወጣ ስትል ቅንድብ ከፊቷ አልፋ ባንኮኒው ጋ ደረሰች።

ሙጫ ጠየቀች። ሴትየዋ ጠመኔ ሰጠቻት። ቅንድብ ራሷን ነቀነቀችና ምልክቱን ደገመችው፤ አሁን ቀስ አድርጋ፣ አጉልታ፣ ለሞኝ እንደሚያስረዳ ሰው። ሴትየዋ ገመድ ሰጠቻት። ቅንድብ ትንፋሿን በኃይል አወጣች። ከዚያ የባንኮኒውን መዝጊያ ወደ ላይ አነሳችና ገባች።

"ማን ግቢ አለሽ! ውጪ!" አለች ሴትየዋ። ቅንድብ መደርደሪያው ጋ ሄዳ የሙጫውን ጣሳ አነሳች። ወደ ሴትየዋ ተመለሰችና ጣሳውን አፍንጫዋ ሥር አቆመችው፤ ምልክቱን ሠራች። ሴትየዋ አልገባትም። ቅንድብ ጣሳውን አስቀምጣ የሴትየዋን ሁለት እጆች ያዘች፤ ጣቶቿን እያጣጠፈች፣ እያስተካከለች ራሷ ሴትየዋ ሙጫ እንድትል አደረገቻት። ሴትየዋ የራሷን እጆች እንደ ሌላ ሰው እጅ አየቻቸው።

ቅንድብ ጣሳውን ይዛ ወጣች።

መምህሩ ጽፈው ሲጨርሱ አፌን ጠሯት። "ሙጫ ጠየቀች፣ ሙጫ አገኘች" አሉ። "ባንኮኒ ከፍቶ መግባት ዕቅዱ ውስጥ የለም። እሱን ለሚቀጥለው መምህር ተዪለት። ዝም ብሎ መቆም ከበደሽ?"

አፌ የሹራቧን ኪስ ገለበጠችና አሳየቻቸው። ስፌቱ ከታች እስከ ላይ ተተርትሯል። የመምህሩ ትከሻ ተንቀጠቀጠ።

የጽሑፍ ፈተናው ያን ያህል ታሪክ የለውም። በሕጉ ክፍል ለጥቂት ተረፈች፤ በሌላው ደህና ሆነች። ፈቃዱ ሲወጣ ይዛው ቤት ሄደች። እናቷ ፎቶዋን አየችና፣ "ምን ያኮሳትርሻል?" አለቻት። አባቷ ወረቀቱን እንደ ጨርቅ በሁለት ጣቱ መሃል አሸት አሸት አድርጎ ጥራቱን መዘነ፤ አጥጋቢ ሆኖ አገኘው።

የተመደበችው ሌላ ከተማ ነው። ወላጆቿን ያለ አፍ ጥላ መሄዷ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። አባቷ በሱቁ በር ላይ፣ "ልብስ ሰፊው አይሰማም። ይጻፉልኝ" የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ደንበኛ ሲመጣ የሚፈልገውን በአየር ላይ ይሥልለታል። እትዬ ከእናቷ ጋር ለመጣላት የሚያስፈልጋቸውን ያህል ምልክት ተማሩ፤ ከዚያ አላለፉም። አፌ ከጥቂት ወራት በኋላ ልትጠይቃቸው ስትመጣ እንግዳ ቢመጣም ውሃ ቆጣሪ አንባቢው ቢመጣም የሚጠራት አጣች። ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የብረቱን ጩኸት ስትሰማ ዋለች። ደስ ያላት ይመስላት ነበር፤ ግን ሲመሽ አልቅሳለች። ምክንያቱን ለራሷም መናገር አልቻለችም።

ቅንድብ አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት። ማንበብ ይከብዳታል። በጠበኝነቷ በትምህርት ቤቱ የታወቀች ናት፤ የሚከሷት ልጆች ጉዳያቸውን አቅርበው ሲጨርሱ የእሷ መልስ ሁልጊዜ ከእነሱ ይረዝማል። ወሬውን ለአፌ የጻፉላት ጋሼ ንብረት ናቸው።

አፌ የራሷን ክፍል ከያዘች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ አንዲት እናት አራት ዓመት የሞላውን ልጇን ይዛ መጣችና ክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ "መቼ ነው የሚናገረው፣ እቴ?" አለቻት። አፌ የዚህን ጥያቄ ለስላሳ መልስ ታውቃለች፤ ምላሷ ላይ ነበር።

"በአፉ ላይናገር ይችላል" አለች። "በእጁ ግን እንደማንኛውም ልጅ ይናገራል። እርስዎም አብረው ከተማሩ።"

ሴትየዋ ፊቷ ተለዋወጠ። "ሐኪሙ እንኳ እንዲህ አላለኝም" ብላ ልጁን አንጠልጥላ ወጣች። ከዚያ አልተመለሰችም፤ አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። አፌ ርእሰ መምህሩ ፊት ቀርባ ምን እንዳለች አስረዳች፤ ርእሰ መምህሩም፣ "ትንሽ ብታለሳልሺውስ ኖሮ?" አሏት። "አላውቅም" አለች፤ እውነትም አታውቅም ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተና ሴትየዋ ልጁን ይዛ ገባች። ሰላምታ አልሰጠችም። ልጁን በግማሽ ክቡ ጫፍ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ራሷ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አፏን ጥብቅ አድርጋ። አፌ ወለሉን በእግሯ መታች። ልጆቹ ዞሩ። የዚያ ቀን ትምህርት የአትክልት ስሞች ነበር፤ በካሮት ጀመሩ።